ስለ ቁም ሣጥንና ስለ ዕቃ መደርደሪያ

ቤቱን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ስለ ጣራውና ስለ ግድግዳው አብዝቶ ያስባል፤ የዕቃውን ቦታ ግን ከገባ በኋላ የሚታሰብ ያደርገዋል። ስለዚህ ለሥራ በየቤቱ ስንዘዋወር እንደምናየው፥ ልብሱ በምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ እህሉ በወለል ላይ ይከመራል፤ ላምባው በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ከአልጋ ሥር ይቀመጣል። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም።

፩ኛ/ ቁም ሣጥን፦ የጭቃው ምርጊት ፈጽሞ ሳይደርቅ ሣጥኑን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ልብስን ያሻግታል። ከደረቀም በኋላ አየር የሚያልፍበትና መጥረጊያ የሚገባበት ክፍተት ይተው። በመስቀያ የሚሰቀል ልብስ እንዳይጨማደድ የውስጡ ጥልቀት 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ተስቦንና ግርሻን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል በስፌት ውስጥ ይደበቃልና፥ የተለበሰው ልብስ ከታጠበው ተለይቶ የሚቀመጥበት ክፍል ይኑረው።

፪ኛ/ የእህል መደርደሪያ፦ የታችኛው ሳንቃ ከወለሉ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከሥሩ ለመጥረግ ይመቻል፤ የአይጥ ኩስም ቶሎ ይታያል። አይጥ መውጣት ስለሚችል ግን እህሉ ክዳኑ በሚገጥም የቆርቆሮ ዕቃ ይቀመጥ።

፫ኛ/ ላምባና መድኃኒት፦ ሕፃን እጁ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ቁልፍ ያለው ትንሽ ሣጥን ይሠራላቸው። የመጠጥ ጠርሙስ ያየ ሕፃን ውኃ ነው ብሎ ይጠጣል፤ ላምባም ወደ ሳንባ ሲገባ ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ፥ ሕፃኑ እንዲያስመልስ ሳይደረግ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፥ ምክሩ ገና በመሠራት ላይ ወዳሉት ቤቶች በጊዜው ይደርሳል።