የመድረኩ መብራት ለምን ተርገበገበ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን፡፡

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት ሆይ!

በ2017 ዓ.ም. የልደት በዓል ሰሞን በአዳራሻችን ባቀረብነው መንፈሳዊ ትያትር ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፡፡ እረኞቹ በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ በሚታዩበት ክፍል መብራቱ ቀስ በቀስ ደብዝዞ ሌሊት እንዲመስል አስበን ነበር፡፡ ነገር ግን አዲስ የገዛናቸው አምፖሎች መደብዘዙን ትተው ይርገበገቡ ጀመር፡፡ ማደብዘዣውን እስከ መጨረሻው ዝቅ ስናደርገውም ፈጽመው አልጠፉም፡፡ ከፊት የተቀመጡት እናቶች ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ የእረኛውን ንግግር በቃሉ ያጠናው ታናሽ ወንድማችንም ደንግጦ የሚናገረው ጠፋው፡፡

በማግሥቱ ጥፋቱን በሻጩ ነጋዴ ላይ ለማሳበብ የፈለግን ብዙዎች ነበርን፡፡ እውነቱን ለመናገር ግን ነጋዴው «ማደብዘዣችሁ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠይቆን ነበር፡፡ እኛ ጥያቄው ስላልገባን «ደኅና ነው፤ ይሠራል» ብለን ገንዘቡን ቆጥረን ሰጠነው፡፡ ገንዘቡም ከአባላት በየወሩ የተዋጣ ነበር፡፡ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያን ጊዜ መመለስ ያልቻልነውን ጥያቄ አሁን ተምረን ሁለተኛ እንዳንሳሳት ነው፡፡

ከሁሉ አስቀድሞ የምንነጋገረው ስለ አዳራሹ መብራት እንጂ ስለ ቤተ መቅደሱ አለመሆኑን እንለይ፡፡ በቤተ መቅደስ ጧፉም ሻማውም የራሱ ሥርዓትና ትርጉም አለው፡፡ የመድረክ መብራት ግን የሚናገረው ሰው ፊቱ እንዲታይ፣ ትምህርቱም እንዲሰማ የሚያገለግል መሣሪያ ብቻ ነው፡፡

1ኛ/ ማደብዘዣ ምን ይሠራል?

ዲመር የምንለው ማደብዘዣ ለብዙዎቻችን ውኃን እንደሚያጠብብ ቧንቧ ይመስለናል፡፡ በጥንት ዘመን የነበሩት በእርግጥ ለዚህ ይቀርቡ ነበር፤ የተረፈውን ኃይል ወደ ሙቀት እየለወጡ ያባክኑት ነበርና፡፡ እ.ኤ.አ. በ1957 ታይሪስተር የተባለው መሣሪያ ከተሠራ በኋላ ግን አሠራሩ ተለወጠ፡፡ የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል፡፡ እያንዳንዱ ዙር ሁለት ግማሽ ስላለው በሰከንድ 100 ግማሽ ሞገድ ይሆናል ማለት ነው፡፡ ማደብዘዣው የእያንዳንዱን ግማሽ ሞገድ መጀመሪያ ቆርጦ የቀረውን ብቻ ያሳልፋል፡፡ ብዙ በቆረጠ ቁጥር ብርሃኑ ያንሳል፡፡

ታዲያ የቀድሞው አምፖል በዚህ ሁሉ መቆራረጥ ለምን አልተርገበገበም? ምክንያቱም በውስጡ ያለው ክር የጋለ ነውና ነው፡፡ ማራገቢያ ለጥቂት ጊዜ የተወው ፍም ወዲያው እንደማይጠቁር ሁሉ፣ ክሩም ኤሌክትሪኩ በተቋረጠባት ቅጽበት ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም፡፡

2ኛ/ አዲሱ አምፖል ለምን እምቢ አለ?

ኤል ኢ ዲ የሚባለው አዲሱ አምፖል የሚግል ክር የለውም፡፡ በውስጡ ያለች ትንሽ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሙሉውን ሞገድ ተቀብላ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ትለውጣለች፡፡ የተቆራረጠ ሞገድ ሲደርሳት ትደነጋገራለች፤ መርገብገቡ ከዚህ ይመጣል፡፡ በተጨማሪም በ1000 ዋት ለሚቆጠር ጭነት የተሠራ ማደብዘዣ በ10 ዋት አምፖል ላይ ሲገጠም ጭነቱ ስለሚያንስበት አስተካክሎ መክፈትና መዝጋት ይሳነዋል፡፡ በተዘጋ ጊዜም ጥቂት ኤሌክትሪክ ሾልኮ ያልፋል፡፡ ይህች ጥቂቷ ለቀድሞው አምፖል ምንም አልነበረችም፤ ለኤል ኢ ዲ ግን ፈዝዞ ለመብራት ትበቃዋለች፡፡ አምፖሎቻችን ያልጠፉት ስለዚህ ነው፡፡

እንግዲህ አምፖሉም አልተበላሸም፤ ማደብዘዣውም አልተበላሸም፡፡ ያልተስማሙትን ያጋጠምናቸው እኛ ነን፡፡

3ኛ/ ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው?

መንገዱ ሁለት ነው፡፡ አንደኛው፣ የቀድሞውን ማደብዘዣ ከቀድሞው ባለ ክር አምፖል ጋር ይዞ መቀጠል ነው፡፡ ሁለተኛው፣ ለመድረክ ተብሎ የተሠራውን ኤል ኢ ዲ ፓውዛ ከነመቆጣጠሪያ ሰሌዳው መግዛት ነው፡፡ ይህ ፓውዛ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከተራ ሶኬት፣ ሳይቆራረጥ ነው፡፡ የመጨመርና የመቀነስ ትእዛዙ ግን በሌላ ቀጭን ገመድ ይመጣለታል፡፡ ስለዚህ ከማደብዘዣ ላይ ፈጽሞ አይሰካም፤ ሊበላሽ ይችላልና፡፡

የትእዛዙ ቋንቋ ዲ ኤም ኤክስ 512 ይባላል፤ በአሜሪካ የትያትር ቴክኒክ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ነው፡፡ ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ መብራት ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚያደርስ የየራሱ ሽቦ መዘርጋት የተለመደ ነበር፡፡ በዚህ ቋንቋ ግን አንድ ገመድ እስከ 512 ትእዛዝ ይሸከማል፤ እያንዳንዱም ትእዛዝ ከ0 እስከ 255 ደረጃ አለው፡፡ ገመዱ እንደ መቁጠሪያ ክር ከአንዱ ፓውዛ ወደ ሌላው ያልፋል እንጂ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አያወጣም፡፡ በመጨረሻው ፓውዛ ላይም 120 ኦም መዝጊያ ይሰካበታል፡፡ የማይክሮፎን ገመድ ቢመስልም የማይክሮፎን ገመድ በቦታው አይተካም፡፡

4ኛ/ ሒሳቡን እናስላ

ስድስት ባለ 1000 ዋት አምፖሎች በአንድነት ሲበሩ 6000 ዋት ይሆናሉ፡፡ ይህም በ220 ሲካፈል ከ27 አምፔር በላይ ነው፡፡ ስድስት ባለ 150 ዋት ኤል ኢ ዲ ፓውዛዎች ግን 900 ዋት፣ ማለትም 4 አምፔር ገደማ ብቻ ይፈልጋሉ፡፡ የአዳራሹ ሽቦ ያርፋል፤ መድረክ ላይ የሚቆሙትም በሙቀት አይጨነቁም፡፡ ሆኖም የመግዣው ዋጋ ከፍ ይላል፤ ብርሃናቸውም እንደየዓይነቱ ይለያያል፡፡ ስለዚህ ከመግዛት በፊት አንዱን ተውሶ በአዳራሹ አብርቶ ማየት ያስፈልጋል፡፡

5ኛ/ ስለ ጥንቃቄ

ሽቦ የሚነካ ሥራ ሁሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፡፡ እኛ የምንረዳው ብሬከሩ መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፡፡ ከላይ የሚሰቀል መብራት ሁሉ ከማሰሪያው ሌላ የደኅንነት ሰንሰለት ይኑረው፤ ከሥሩ ሕፃናት ይቆማሉና፡፡ የመሬት ሽቦ የሌለው ፓውዛ አይሰቀል፡፡ የጋለ አምፖል ከመጋረጃ ይራቅ፡፡ ማንም ብቻውን መሰላል ላይ አይውጣ፡፡

ከዚህ በመነሣት የተስማማንበት ይህ ነው፡፡ የቀድሞዎቹን አምፖሎች ወደ ቦታቸው መልሰናል፡፡ የገዛናቸውንም አልጣልናቸውም፤ ማደብዘዣ በሌለበት በመማሪያ ክፍሎቹ ውስጥ እያበሩ ናቸው፡፡ ወደፊት ገንዘብ ሲጠራቀም ከሁለት ፓውዛና ከአንድ አነስተኛ ሰሌዳ እንጀምራለን እንጂ ሁሉን በአንድ ቀን አንገዛም፡፡

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ያስተማረውን ሁላችንም ተምረነዋል፡፡ ሆኖም ተቀምጠን ሳንቆጥር ጀመርን፡፡ ገንዘቡን ቆጥረን ነበር፤ ያልቆጠርነው ዕውቀታችንን ነው፡፡ «አናውቅም፤ አስረዱን» ማለት አፍሮን ዝም አልን፤ የዝምታችንን ዋጋ ግን በመድረክ ላይ የከፈለው ያ ሕፃን ነው፡፡ በሚመጣው በዓል ያንኑ ክፍል እርሱ ራሱ እንዲያቀርበው ተመድቧል፡፡ መብራቱ እንዳያስደነግጠው የማድረግ ዕዳ አለብን፡፡

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አዲሱ አምፖልና የቀድሞው ማደብዘዣ ያልተስማሙት ለምንድን ነው?
2. በአዳራሻችን ያሉት መብራቶች በአንድነት ሲበሩ ስንት አምፔር ይፈልጋሉ? ቆጥራችሁ አስሉ፡፡
3. በአገልግሎታችን ውስጥ ሳይገባን «ይገባናል» ያልነው ሌላ ነገር አለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡