በትክክል ያልታደሰ ሾርት ብሎክ፡ ምርመራውና እርማቱ

ሞተር ወርዶ ታደሰ ሲባል ብዙ ሰው እንደ አዲስ ሆነ ማለት ይመስለዋል። ነገር ግን አዲስ ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ሞተር አይታደስም። ካልተለካና ካልጸዳ አዲሱም ዕቃ ቶሎ ያልቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለትብብር ሥልጠና በወጣሁበት ጋራዥ ያየሁትን አንድ ሾርት ብሎክ ምሳሌ በማድረግ የምርመራውንና የእርማቱን ቅደም ተከተል ለማሳየት እሞክራለሁ። ሾርት ብሎክ የምንለው ቴስታታው ሳይጨመር ብሎኩን ከነክራንክ ሻፍቱ፣ ከነቢየላው፣ ከነፒስተኑና ከነፋሻው (ሪንጉ) ነው።

መኪናው ከጥርባ የመጣ ሚኒባስ ሲሆን ሞተሩ 3ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው። 4 ሲሊንደር አለው፤ የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ምትም 96 ሚሊ ሜትር ነው። ባለቤቱ ሞተሩን ሌላ ቦታ ካሳደሱ ሁለት ወር አልሞላቸውም። ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መብራት ይበራል፣ ከታች ይንኳኳል፣ ዘይትም ይጨርሳል። «ልጆቼ፣ ለዚህ ሞተር በሬ ሸጫለሁ። ብሮንዚኑን ብቻ ቀይሩልኝና ልሂድ» አሉን።

ታዲያ ብሮንዚን ብቻ መቀየር ይበቃ ነበር? አይበቃም። ብሮንዚን ያለ ምክንያት አይበላም፤ ምክንያቱ ካልተገኘ አዲሱም ያንኑ መንገድ ይሄዳል። በተለይ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የአባይን በረሃ ወርዶ እንደገና ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ደካማ ሞተር የሚያዘው እንዲህ ባለው ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ፈታን።

የተገኙት ጉድለቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የክራንክ ሻፍቱ ሜይን ካፖች 2ኛውና 4ኛው ቦታ ተለዋውጠዋል። ካፖቹ ፋብሪካ ውስጥ ከብሎኩ ጋር ታስረው በአንድነት ስለሚቦረቦሩ ቦታቸው ከተለወጠ ቀዳዳው ክብነቱን ያጣል፣ ክራንኩም ይጨናነቃል። የ2ኛውን ካፕ ቡሎን ስናላላ ክራንኩ ወዲያው ቀለል ብሎ ዞረ።

ሁለተኛ፣ ብሮንዚኖቹ ላይ ጥቃቅን ብናኝ ተሰክቶ ነበር። በክራንኩ የዘይት ቀዳዳ ሽቦ ስናስገባ ጥቁር ጭቃ ወጣ፤ ከግራይንዲንግ በኋላ በደንብ አልታጠበም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ክራንኩ ቀድሞ በ0.25 ሚ.ሜ ተግራይንዷል። በማይክሮሜትር አቅጣጫ እየቀያየርን ስንለካው የ3ኛው ቢየላ መቀመጫ በ0.06 ሚ.ሜ ሞላላ ሆኗል። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው ወደ 0.02 ሚ.ሜ ነው።

አራተኛ፣ የፋሻው ጫፍ ክፍተት 0.10 ሚ.ሜ ብቻ ነበር። በተለምዶ ለ100 ሚ.ሜ ስፋት ከ0.30 እስከ 0.40 ሚ.ሜ ይተዋል። ክፍተቱ ካነሰ ፋሻው ሲሞቅ ጫፍና ጫፉ ይጋጫል፣ ሲሊንደሩንም ይጭራል። ደግነቱ እዚህ ጭረቱ ቀላል ነበር።

ዋናው መካኒክ ካፑንና ብሮንዚኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ለባለቤቱ አንድ በአንድ አሳዩዋቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ካዩ በኋላ «እንግዲያው እንደሚሆን አድርጉት» አሉ።

እርማቱም እንዲህ ተደረገ። ክራንኩ ወደ 0.50 ሚ.ሜ ተግራይንዶ በዚያው ልክ ብሮንዚን ተገዛ። የብሎኩ የዘይት መስመር ታፖዎች ወጥተው ውስጡ በረጅም ብሩሽ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጠበ፤ በአየር ተነፍቶም ዝገት ሳይዘው ወዲያው ዘይት ተቀባ። ሲሊንደሮቹ ተለክተው ከወሰን ስላላለፉ ሆኒንግ ብቻ ተደረገላቸው፣ ዘይት በነካ ነጭ ጨርቅም ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ተጠረጉ። ካፖቹ በቁጥራቸውና ቀስታቸው ወደ ፊት ሆኖ ገቡ፤ ከመሐል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ በቶርክ ሬንች ታሰሩ። ከእያንዳንዱ ካፕ በኋላ ክራንኩን በእጅ እናዞራለን፤ ከከበደ እዚያው ቆመን ምክንያቱን እንፈልጋለን። የብሮንዚኑ ክፍተት በፕላስቲጌጅ ታየ። አዲሶቹ ፋሻዎችም ሲሊንደር ውስጥ በፒስተን ቀጥ ተደርገው በፊለር ጌጅ ተለኩ፤ ያነሰው በሞረድ ተስተካከለ።

ቴስታታው ተገጥሞ ሞተሩ መኪናው ላይ ከተመለሰ በኋላ ቶሎ አላስነሳነውም። የናፍጣ ማቆሚያውን ሶሌኖይድ ሽቦ ነቅለን የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ እያረፍን አዞርነው። ሲነሳም ማንኳኳቱ አልነበረም፤ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራም መብራቱ አልበራም።

ከዚህ የምንረዳው ማይክሮሜትርና ፊለር ጌጅ ከቁልፍ ባልተናነሰ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች መሆናቸውን ነው። ሞተር የሚያሳድስ ሰው የክራንኩ፣ የሲሊንደሩና የፋሻው ልክ የተጻፈበት ወረቀት ይጠይቅ። ነገ ጋራዥ የምንገባ እኛም ሳንጠየቅ ጽፈን እንስጥ። የሰው በሬ የተሸጠበት ሥራ ነውና።