አሥሩ ሳንቲሞች

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሰደቃ ነው፤ የምንጀምረው ግን ከኒውዮርክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ፌብሩዋሪ ወር ሩት ጎተስማን የተባሉ የ93 ዓመት ጡረተኛ ፕሮፌሰር፣ ብሮንክስ ውስጥ ላስተማሩበት የአልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ 1 ቢሊዮን ዶላር ሰጡ። እዚያ የገቡት በ1968 ሲሆን ትምህርት የሚከብዳቸውን ልጆች ችግር እየመረመሩ ሲረዱ ኖረዋል። ገንዘቡ ሟች ባለቤታቸው ያወረሷቸው የአክሲዮን ሀብት ነው። በዓመት ከ59,000 ዶላር በላይ የነበረው የትምህርት ክፍያ ለሁሉም ተማሪ ቀረ። ዜናው በተነገረበት አዳራሽ ተማሪዎቹ ዘለሉ፣ ተቃቀፉ፣ አለቀሱ። ሴትዮዋ ግን የኮሌጁ ስም በእሳቸው እንዳይቀየር አደራ አሉ።

ብዙዎቻችን ቪዲዮውን አይተን «እኔም ቢሊዮን ቢኖረኝ እሰጥ ነበር» ብለን አልፈናል። እኔም ብያለሁ። ስለዚህ እስቲ ቢሊዮን ስላልነበራቸው ሴት ላውጋችሁ።

ኦሲዮላ ማካርቲ ልብስ አጣቢ ነበሩ። የተወለዱት በ1908 ሚሲሲፒ ውስጥ ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ አክስታቸው ታመሙና ለማስታመም ከትምህርት ቤት ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። የሰው ልብስ ሲቀቅሉ፣ ሲያጥቡና ሲተኩሱ ዕድሜያቸውን ፈጁ። መኪና አልነበራቸውም፤ ገበያም የሚሄዱት በእግራቸው ነበር። ካገኙት ላይ ትንሽ ትንሽ ባንክ ያስገባሉ፣ አያወጡም። በከተማቸው በሃቲስበርግ ያለው ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1965 ነው። ያኔ እሳቸው ሃምሳዎቹን እያገባደዱ ነበር። ማለትም በሩ ለእሳቸው ሲከፈት ጊዜው አልፏል።

እጃቸው በቁርጥማት አልሠራ ሲል ገንዘባቸው ከሞታቸው በኋላ ለማን እንደሚሆን ለመወሰን ባንክ ሄዱ። የባንኩ ሰው እንዲቀላቸው ብሎ አሥር ሳንቲሞች ፊታቸው ደረደረ፤ እያንዳንዷ የሀብታቸው አንድ አሥረኛ ናት። እሳቸውም አንዷን ለቤተ ክርስቲያናቸው፣ ሦስቱን ለሦስት ዘመዶቻቸው አደረጉ። የቀሩትን ስድስቱን ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ መክፈል የማይችሉ ልጆች እንዲማሩበት። 150,000 ዶላር ነበር። በ1995 ወሬው ሲሰማ ዕድሜያቸው 87 ነው።

ለምን ለራሳቸው እንደማያወጡት ሲጠየቁ፣ ለራሳቸው እያወጡት መሆኑን ነበር የመለሱት።

ይህን ሳነብ ቲርሚዚ የዘገቡት የበጓ ታሪክ ትዝ አለኝ። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት በግ ታርዳ ሥጋዋ ተሰደቀ። ምን እንደተረፈ ሲጠይቁ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ትከሻዋ ብቻ መትረፉን ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ከትከሻዋ በቀር ሁሉም እንደተረፈ ነገሯት። እኛ ከእጃችን የወጣውን «ሄደ» እንላለን፤ ሒሳቡ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

«ከሙስሊም ታሪክ ምሳሌ ጠፍቶ ነው?» የሚል ካለ፣ አልጠፋም። ፋጢማ አል-ፊህሪ ከአባቷ የወረሰችውን ገንዘብ አውጥታ በ859 በፌዝ የቀረዊይን መስጂድን እንዳሠራች ይተረካል፤ መስጂዱም ታላቅ የዕውቀት ማዕከል ሆነ። እንዲህ ያሉ ተቋማት ለዘመናት የቆሙት በወቅፍ ነው። ሱቁ ወይም እርሻው አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ኪራዩና ምርቱ ለተማሪው ቀለብና ለአስተማሪው ደመወዝ ይውላል። ባንክ ካስቀመጡት ገንዘብ ወለድ እየለቀሙ መስጠት የእኛ መንገድ አይደለም፤ ወቅፍ ግን ዋናው ሳይነካ የሚሰጥበትን በር ከፍቶልናል።

አሁን ወደ እኛ አቅም እንምጣ። አምስት ጓደኛሞች በወር 200 ብር ብታዋጡ 1,000 ብር ነው። ሱቅ አይገዛም። ግን ደብተር፣ ፎቶ ኮፒ፣ የታክሲ፣ ለአንዲት ልጅ ደግሞ በወር አበባዋ ሰሞን ከክፍል እንዳትቀር የሚያስፈልጋትን ይሸፍናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ትንሽ ቢሆንም የማይቋረጠው መሆኑን አስተምረውናል። ስለዚህ 500 ብላችሁ በሦስተኛው ወር ከምታቆሙ 200 ብላችሁ ቀጥሉ።

ወደ ተማራችሁበት ትምህርት ቤት ደውሉና የሚያውቃችሁን መምህር ጠይቁ፤ ማን እንደተቸገረ እሱ አያጣውም። ገንዘቡን በእሱ በኩል ስጡ። የልጁን ስም ግን አትጠይቁት።