ምዕራፍ 9፦ ቴፑ ሲግል ከየት ይጀመራል?

ሙዚቃው ከተከፈተ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አምፕሊፋየሩ ጸጥ ይላል። ቀይ መብራት ይበራበታል፤ ጥቂት ካረፈ በኋላ ተመልሶ ይሠራል፤ ደግሞ ይጠፋል። ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነሥተው ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ አቃቂ የሚመላለሱ የሚኒባስ ሾፌሮች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። የተለመደው መፍትሔ ፋን መግዛት ነው። ፋኑ ይገጠማል፣ ለጥቂት ቀን የተሻለው ይመስላል፣ ከዚያ ነገሩ ወደነበረበት ይመለሳል።

ሙቀት የሚፈጠረው ኤሌክትሪኩ ወደ ድምፅ ሳይለወጥ በባከነበት ቦታ ነው። ስለዚህ ለማቀዝቀዝ ከመሯሯጥ በፊት የት እንደሚባክን መፈለግ ይቀድማል። ፍለጋው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ርካሽ ቴስተር፣ የራስዎ እጅና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃሉ።

መጀመሪያ የሚጠፋበትን ጊዜ ልብ ይበሉ። ድምፁ እንደተከፈተ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ሊሆን አይችልም፤ ለመጋል ጊዜ አላገኘምና። ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው። ባስ በመታ ቁጥር እየተቆረጠ የሚመለስ ከሆነ ወደ አምፑ የሚደርሰው ቮልቴጅ እየወደቀ ነው። ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ የሚጠፋው ግን በእርግጥም ግሎ ራሱን የሚያድን አምፕ ነው።

ቀጥሎ በእጅ መዳሰስ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ድምፁን ከፍ አድርገው ያጫውቱና ያጥፉት፤ ከዚያ ከባትሪው ጀምረው ገመዱን እየተከተሉ እስከ አምፑ ይዳስሱ። የባትሪውን መያዣ፣ ፊውዝ ቤቱን፣ መሐል ላይ የተቀጠለ ገመድ ካለ ቅጥሉን፣ መጨረሻ ላይ የአምፑን ጎን። የአምፑ አካል መሞቁ ያለ ነው። በብዙ መኪና ላይ ያለው የክላስ ኤቢ አምፕ ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ያህሉን በሙቀት መልክ ይጥለዋል። ክላስ ዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ወደ ስፒከሮቹ ስለሚልክ ለብ ብሎ ይቀራል። ገመድና ፊውዝ ቤት ግን በየትኛውም አምፕ ላይ ቢሆን መጋል የለባቸውም። ጣትዎን ያስለቀቀዎት ቅጥል ወይም ፊውዝ ቤት ካለ በሽታውን አግኝተዋል።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። አንድ መካከለኛ አምፕ ድምፁ ሲጨምር 40 አምፒር ያህል ይስባል። መንገዱ ላይ በላላ ወይም በዛገ ብሎን ምክንያት 0.05 ኦም ብቻ የምትሆን እንቅፋት ብትኖር እዚያች ነጥብ ላይ 2 ቮልት ይጠፋና 80 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። የሬዲዮ ሠራተኛ እርሳስ የሚያቀልጥበት መበየጃ ከዚህ ያነሰ ዋት ነው ያለው። ይህን የሚያህል ሙቀት ምንጣፍ ሥር ተሸፍኖ መኪናው ሰው ጭኖ ይሄዳል።

ቃሊቲ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ያየሁት ሃይኤስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሾፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ኤሌክትሪሽያኑ ወጣት ነው። «ልጄ፣ ጠንከር ያለ ፋን ፈልግልኝ» አሉት። «ጋሼ፣ ፋኑ ይቆየን፤ መጀመሪያ ማሳውን ልየው» አላቸው። ማሳ የሚለው አምፑን ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚያገናኘውን የኔጋቲቭ ገመድ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ምንጣፉን ገለጠው። ገመዱ የታሰረው ቀለሙ ባልተፋቀ ላሜራ ላይ በገባች አጭር ብሎን ነው። ብሎኗ ቡናማ ዝገት ለብሳለች፤ የገመዱ ፕላስቲክ ጫፉ ላይ ቀልጦ ከምንጣፉ ጋር ተጣብቋል። ሙዚቃው ከፍ ብሎ እየተጫወተ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በአምፑ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በረጅም ሽቦ አድርጎ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሲያሳርፍ 1.6 ቮልት አነበበ። ብሎኗን ፈታ፣ ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት ላሜራው እስኪያበራ ፋቀ፣ የተቃጠለውን የገመድ ጫፍ ቆርጦ አዲስ ማሰሪያ አደረገለት፣ ጠበቅ አድርጎ አሰረና ዝገት እንዳይነካው ቅባት ቀባው። እንደገና ሲለካ 0.1 ሆነ። ፋን አልተገዛም።

ይህን ልኬት እርስዎም ሊያደርጉት ይችላሉ። በማሳው በኩል ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበቡ ግንኙነቱን ፈትተው ያጽዱ። በፖዘቲቩ በኩልም እንዲሁ ይለኩ፤ አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በአምፑ ፖዘቲቭ ላይ። እዚህ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ገመዱ ቀጭን ነው ወይም ቅጥሉ ልል ነው።

ስለ ገመድ ትንሽ ልቆይ። ለቤት መብራት የሚዘረጋው 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ አምፕ ለመቀጠል ሲውል ይታያል። 5 ሜትር የሚሆን እንዲህ ያለ ገመድ 40 አምፒር ሲያልፍበት 1.4 ቮልት ያህል ይበላል፤ 55 ዋት ያህልም ያሞቃል። ለዚህ ሥራ ቢያንስ 8 ሚሜ ካሬ፣ ትልቅ ዎፈር ካለ ደግሞ 20 ሚሜ ካሬ የሚጠጋ መዳብ ያስፈልጋል። ውፍረቱን ብቻ አይተው አይግዙ፤ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገመድ በብዛት ይሸጣል። አንዷን ክር በቢላ ፋቅ ቢያደርጓት ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 60 በመቶ ያህል ስለሆነ የሚገዙት በዚያው ልክ ወፍራም መሆን አለበት።

ፊውዙ የሚጠብቀው ይህን ገመድ ነው፤ ስለዚህ ከባትሪው ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ መሆን አለበት። አምፑ አጠገብ የተቀመጠ ፊውዝ፣ ገመዱ መሐል ላይ ላሜራ ነክቶ ቢቃጠል ምንም አያድንም። የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ ጠምጥሞ ወይም በትልቅ ቁጥር ቀይሮ መሄድን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፦ ይህን የሚያደርግ ሰው የተሳፋሪዎቹን ሕይወት በቀጭን ገመድ ላይ እያስያዘ ነው። ፊውዝ ደጋግሞ የሚቃጠለው ምክንያት ስላለው ነው። ምክንያቱ እስኪገኝ ሙዚቃው ቢቀር ማንም አይጎዳም።

ገመዱና ማሳው ደህና ሆነው አምፑ አሁንም የሚግል ከሆነ ወደ ስፒከሮቹ እንሂድ። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ አራቱ ሲታሰሩ 1 ኦም። ኦሙ በወረደ ቁጥር አምፑ የሚያወጣው ከረንት ይጨምራል፤ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። ሚኒባሶች ላይ ቴፑ ለአራት ስፒከር ተሠርቶ ስምንት ሲታሰርበት የሚፈጠረው ይህ ነው። ድምፁ ሞላ ተብሎ ይወደዳል፤ ቴፑ ግን ዳሽቦርዱ ውስጥ ይፍማል። የአምፑ አካል ላይ ወይም መመሪያው ላይ ዝቅተኛው ኦም ተጽፏል፤ ሁለቱን ቻናል አንድ አድርገው ለዎፈር ሲያስሩ ብዙ አምፖች የሚችሉት 4 ኦም እንጂ 2 አይደለም። ገመዱን ከአምፑ ነቅለው በቴስተር ይለኩት፤ ጤነኛ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 4 ባለው መካከል ያሳያል። ከ1 በታች ካነበበ ስፒከሩ ተቃጥሏል ወይም ገመዱ በር ማጠፊያው ላይ ተቆርጦ እርስ በርሱ ተነካክቷል።

አንድ የድሮ ልማድም አለ፦ የስፒከሩን ኔጋቲቭ ገመድ ቆጥቦ ቦዲ ላይ ማሰር። ለጥንቱ ሬዲዮ ይሠራ ነበር። ለዛሬው ቴፕ ግን የስፒከሩ ሁለቱም ገመዶች ኃይል ስለሚያወጡ አንዱን ከቦዲ ጋር ማገናኘት ቴፑን ያግለዋል፤ ሳይቆይም ያቃጥለዋል።

ጌን የምትባለው መቆጣጠሪያ ድምፅ መጨመሪያ ስለምትመስል እስከ ጥግ ትዞራለች። ሥራዋ የቴፑን ምልክት ከአምፑ ጋር ማመጣጠን ነው። ከመጠን ስታልፍ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ አምፑም ስፒከሩም አብረው ይግላሉ፤ የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ሲቃጠል የሚያወጣውን ሽታ አንዴ የሸተተ ሰው አይረሳውም። ባስ መጨመሪያዎቹን ሁሉ ያጥፉ፣ ጌኗን ዜሮ ያድርጉ፣ የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ድረስ ይክፈቱ፤ ከዚያ ጌኗን ቀስ እያሉ ሲጨምሩ ድምፁ መበላሸት የሚጀምርበት ላይ ሲደርሱ ትንሽ ይመልሷት። እዚያው ትቆይ።

አሁን ወደ ቦታው ጉዳይ። የብዙው ሃይኤስ ሞተር ያለው ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው። አምፑን እዚያ አካባቢ የሚገጥም ሰው በሞተር ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት እየጨመረ ነው። ከኋላ ይግጠሙት፤ የአሉሚኒየሙ ክንፎች ወደ ላይ የቆሙ ይሁኑ፣ በዙሪያውም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተዉለት፤ የረዳቱ ጃኬትና ጆንያ አይደረብበት። የቃሊቲ አየር ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም፣ 2,100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙም ያንሳል። በዚያ ላይ የከባድ መኪናውና የፋብሪካው አቧራ አለ። ክንፎቹ መሐል ሲሞላ ብርድ ልብስ እንደመደረብ ነው። ኤሌክትሪኩን አቋርጠው በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉት ከሆነ መጀመሪያ አየሩን መሬት ላይ ለቀቅ አድርገው ውሃ አብሮ እንደማይወጣ ይመልከቱ፤ አምፑ የራሱ ፋን ካለውም በጣትዎ ያዝ ያድርጉት፤ ያለልክ ሲሽከረከር ይበላሻል።

ቃሊቲ የከባድ መኪና ሰፈር ስለሆነ የአይሱዙና የሲኖትራክ ሾፌሮች ችግር ለብቻው መነሣት አለበት። የእነዚህ መኪኖች ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ቴፕ ግን በአብዛኛው የ12። ብዙዎች በአቋራጭ ከሁለቱ ባትሪዎች በአንዱ ላይ ብቻ ያስሩታል። ቴፑ ይሠራል፤ ግን ያ ባትሪ ሁልጊዜ ሲጎድል፣ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ሲሞላ ይኖራል፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ሳይደርስ ይሞታሉ። ትክክለኛው መንገድ ቮልቴጅ መቀነሻ ኮንቨርተር ነው። እሱም ቢሆን ሁለት ዓይነት አለው። የድሮው ትርፉን ቮልቴጅ እንዲሁ በሙቀት መልክ ይጥለዋል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከሚመጣው 28 ቮልት ላይ 10 አምፒር ሲሰጥ 140 ዋት ያህል ያሞቃል። ስዊቺንግ የሚባለው ግን የሚያባክነው በጣም ጥቂቱን ነው። በአዋሽና በገዋኔ በኩል ሚሌን አልፈው እስከ ጋላፊ የሚወርዱ ሾፌሮች ቃሊቲ ላይ ደህና የነበረ ኮንቨርተር አፋር ውስጥ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲደርስ እንደሚያቆም ያውቃሉ። ስዊቺንጉን ይግዙ፤ አቅሙም ቴፑና አምፑ ከሚፈልጉት አምፒር በግማሽ ያህል የሚበልጥ ይሁን።

አንድ ሌላ ሙቀት አለ፤ ሌሊት የሚገኝ። ጠዋት መኪናውን ሳያስነሡ እጅዎን አምፑና ቴፑ ላይ ያሳርፉ። ለብ ካለ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሯል። ቴፑ ላይ ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ፣ ቀዩ ደግሞ ቁልፉ ሲዞር ብቻ የሚያገኝ መሆን አለበት። ሁለቱ አንድ ላይ ከተጠመጠሙ ቴፑ አያርፍም። አምፑን የሚቀሰቅሰው ሰማያዊ ሽቦም በቀጥታ ከባትሪ ከታሰረ እንዲሁ ነው። በተለይ ትልልቅ ስክሪን ያላቸው የአንድሮይድ ቴፖች ውስጣቸው እንደ ስልክ ፕሮሰሰር ስላለ በዚህ ይጎዳሉ፤ ባትሪውም ጠዋት ሞቶ ይገኛል።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው ቴፕና አምፕ ለማስገጠም የሚመጡ ሰዎች አሉ። በእነዚህም ውስጥ ቴፑ የሚሠራው በትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ እስከ አሁን ያነበቡት ሁሉ እዚያም ይሠራል። ባትሪዋ ግን ትንሽ ስለሆነች ትልቅ ዎፈር ከመጫንዎ በፊት የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፒር እንደሚችል ከመኪናው መመሪያ ያረጋግጡ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያልፍባቸው ናቸው፤ የሰው ሕይወት ያጠፋሉ። የአምፑ ገመድ በአጠገባቸው እንዲያልፍ አያድርጉ፤ ኤሌክትሪሽያኑ እነሱን ሊነካ ሲያስብ ካዩትም ያስቁሙት።