በአሻንጉሊቱ ላይ ተሳሳቺ

ልጄ፣ የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንት ልትሆኚ ነው፤ እንኳን ደስ አለሽ። ይህ ትምህርት በጥቁር አንበሳ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። እኛ በሽተኛን በመድኃኒት ማስተኛት የተማርነው በበሽተኛው ላይ ነው፤ አንቺ እንደዚያ እንድትማሪ አልፈልግም።

1. ማስተኛ መድኃኒቱ ኬታሚን አያዘናጋሽ። የወለቀ ትከሻ ለመመለስ፣ የተሰበረ ክንድ ለማቃናት ባለውለታችን ነው። በደም ሥር በፍጥነት ከተገፋ ግን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ወጣት ሳለሁ ክንዱ ለተሰበረ ልጅ ቸኩዬ ገፋሁት፤ ደረቱ መንቀሳቀስ አቆመ። በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጠው አምቡ ባግ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አንዲት አንጋፋ ሲስተር መንጋጋውን ወደ ፊት ስባ የአየር መንገዱን ከፈተችለት፤ ቆይቶ ተነፈሰ። ልጁ በደኅና ወደ ቤቱ ሄደ። ያንን ስህተት ግን መሥራት የነበረብኝ ከዚያ በፊት፣ በአሻንጉሊት ላይ ነበር።

2. ውድ ዕቃ የለም ብለሽ ልምምዱን አታስቀሪ። በ1960 እ.ኤ.አ. የትንፋሽ መለማመጃ አሻንጉሊቷን ሪሰሲ አንን የሠራው ኖርዌያዊው ኦስሙንድ ሌርዳል የልጆች መጫወቻ አምራች ነበር። ቀላል አሻንጉሊት፣ አምቡ ባግ፣ የሞኒተሩን ቁጥር ከወረቀት የሚያነብ አንድ ሰው ይበቃል። ልምምዱ ግን በምትሠሩበት ክፍል፣ አብረውሽ ከሚሠሩት ነርሶች ጋር ይሁን።

3. ክፉውን ደቂቃ ደጋግማችሁ ሥሩ። አሻንጉሊቱ 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ነው እንበል። በኪሎ 1.5 ሚሊ ግራም ኬታሚን ስታሰቢ 22.5 ይመጣል፤ በሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ከሚይዘው ብልቃጥ 0.45 ሚሊ ሊትር ብቻ ማለት ነው። ጮክ ብለሽ አስቢው፣ ነርሷም ትድገመው፤ የብልቃጡ ጥንካሬ አንድ ዓይነት አይደለምና። ከዚያ አሠልጣኙ ጉሮሮው ተዘጋ ይበል፦ ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ሥራው ይቁም፣ መንጋጋ ይሳብ፣ ማስኩ ፊቱ ላይ ጥብቅ ብሎ በአምቡ ባግ ኦክስጅን ይገፋ፤ እርዳታ ይጠራ፤ ካልተከፈተ የጡንቻ ማላሊያው መድኃኒት በማን እጅ እንዳለ ይታወቅ። እጅሽ ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ አትተዪው።

4. የጣት ኦክስጅን መለኪያውን ብቻ አትመኚ። ኦክስጅን እየተሰጠው ያለ ሰው መተንፈስ ካቆመ በኋላም ቁጥሩ ለደቂቃዎች ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ካለ ቶሎ ይነግርሻል። ከሌለ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይዝ ደረቱን ብቻ ይመልከት፤ በልምምዱም በስሙ መድቢው።

5. አጥንቱ ከተመለሰ በኋላ ያለውንም ተለማመዱ። ሕመሙ ሲቆም በፌንታኒልና በሚዳዞላም የተኛው በሽተኛ ትንፋሹ ይበልጥ ሊደክም ይችላል። እኛ ግን ያኔ ጓንት አውልቀን ወደ ሌላው አልጋ እንሄዳለን።

6. ሲያልቅ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። መጀመሪያ ትንሿ ኢንተርን ትናገር።

ሰኞ ስትገቢ፣ ከማንም ጋር ከመተዋወቅሽ በፊት አምቡ ባጉ የት እንደሚቀመጥ ጠይቂ።