በሶብላ፣ ጤና አዳምና ሌሎች የምግብ ቅጠሎች በቤትዎ፦ አተካከል፣ አጠቃቀምና ጥንቃቄ

በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል (ሮዝሜሪ) እና የድንብላል ቅጠል በኒውአርክ የአየር ጠባይ በደንብ ይበቅላሉ። ግቢ ባይኖርዎትም በረንዳ ላይ በአበባ መትከያ ሊያሳድጓቸው ይችላሉ። ነገር ግን ከመትከልዎ በፊት አፈሩን፣ ከመጠቀምዎ በፊት ደግሞ የጤና አዳምን ጉዳት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ በተለይ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ይመለከታል።

ለጤና ምን ይጠቅማሉ?

የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ጨው እንዲቀንሱ ይመከራሉ። አዋቂ ሰው በቀን ከ2,300 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም መውሰድ የለበትም። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያህል ሲሆን በዳቦና በታሸገ ምግብ ውስጥ ያለውንም ይጨምራል። ሐኪምዎ ከዚህ ያነሰ ሊያዝልዎት ይችላል።

• ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ሊወጣ ሲል ትኩስ በሶብላ ወይም ጦስኝ ይጨምሩ፤ ጨው ሲቀንስ ጣዕሙ እንዳይጎድል ይረዳል።
• በርበሬና ሚጥሚጣ ቤት ሲያዘጋጁ ያለ ጨው ያስፈጩ። የሚገዙ ከሆነ ጨው እንዳለበት ይጠይቁ።

መቼ ይተከላሉ?

• በሶብላ ብርድ አይወድም። ከኤፕሪል መጨረሻ በኋላ ይትከሉ።
• ድንብላል ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያብባል፤ ቅጠሉም ያንሳል። በመከር ወይም በፀደይ መጀመሪያ ይዝሩ።
• ጤና አዳም፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ከዓመት ዓመት ይቆያሉ። ውኃ ሲበዛባቸው ሥራቸው ይበሰብሳል፤ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ያጠጡ።
• ሁሉም በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋሉ።
• ከአገር ቤት ዘር ወይም ችግኝ ከመጣልዎት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

ከመትከልዎ በፊት አፈሩን ይወቁ

እርሳስ (ሌድ) መርዛማ ብረት ነው። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ቤቶች ግድግዳ ሥር እየተላጠ የወደቀ ቀለም አፈሩን ሊበክል ይችላል። የድሮ ቤንዚን ያስቀረው እርሳስም በትልልቅ መንገዶች ዳር ይገኛል። እርሳስ የልጆችን አእምሮና የመማር ችሎታ ይጎዳል። ለልጆች ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ብዙውን ጊዜም ምልክት አያሳይም።

• ቤትዎ አሮጌ ከሆነ ግድግዳ ሥር አይትከሉ። ከመደብር በተገዛ አፈር የተሞላ መትከያ ወይም ከፍ ያለ መደብ ይጠቀሙ።
• የድሮ ጎማ፣ ቀለም የተቀባ አሮጌ እንጨትና የሚያብረቀርቅ ቀለም ያለው አሮጌ የሸክላ ዕቃ ለመትከያ አይጠቀሙ።
• አፈሩን በላቦራቶሪ ማስመርመር ይቻላል። ካሊፎርኒያ ለመኖሪያ ቦታ የምትጠቀምበት የጥንቃቄ መለኪያ በአንድ ኪሎግራም አፈር 80 ሚሊግራም እርሳስ ነው።
• ቅጠሉን በሚወርድ ውኃ በደንብ ይጠቡ። ከአትክልት ሥራ በኋላ እጅዎን ይታጠቡ፤ ጫማዎን ደጅ ያውልቁ።
• ልጅዎ 1 ዓመትና 2 ዓመት ሲሞላው የደም ምርመራ እንዲደረግለት ሐኪሙን ይጠይቁ።

ጤና አዳም፦ ማን ይጠንቀቅ?

ጤናማ አዋቂ ሰው ቡናው ላይ አንድ ቅንጣቢ ቢያደርግ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳውም። በብዛት ተቀቅሎ ወይም ተጨምቆ ሲጠጣ ግን ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

• ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ አይጠቀሙ። ማሕፀን እንዲኮማተር አድርጎ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።
• ለሕፃን የሆድ ቁርጠት ብለው አይስጡ። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን የሚያስፈልገው የእናት ጡት ወይም የሕፃን ወተት ብቻ ነው።
• ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል። ውኃ የቋጠረው ቁስል በማግሥቱ ወይም ከዚያ በኋላ ሊወጣ ይችላል። ሲቆርጡት ጓንትና እጀ ረጅም ልብስ ይልበሱ፤ ከነካዎት ወዲያውኑ በሳሙና ይታጠቡ። ልጆች እንዳይነኩት ያድርጉ።

በማዕድ ቤት

ዳጣ ወይም ሌላ በዘይት የተለወሰ ትኩስ በሶብላና ነጭ ሽንኩርት ከማቀዝቀዣ ውጭ አያቆዩ። ቦቱሊዝም የተባለ ገዳይ ሕመም የሚያስከትል መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል፤ ይህም በሽታም ሆነ ጣዕም አይታወቅም። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው በ4 ቀን ውስጥ ይጨርሱት፤ የተረፈውን በበረዶ ቤት ያቆዩ።

ለሐኪምዎ ይንገሩ

የሚጠቀሙትን ቅጠል ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ አይፈሩ፣ አይፈሩበትም። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ የሚበሉትን አረንጓዴ ቅጠል በድንገት አይጨምሩ፣ አይቀንሱም። የታዘዘልዎትን መድኃኒት በቅጠል አይተኩ።

አንድ ሰው ጤና አዳም በብዛት ከወሰደ ወይም ልጅ ያልታወቀ ቅጠል ከበላ በ1-800-222-1222 ለመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይደውሉ። አገልግሎቱ 24 ሰዓት ነው፤ ክፍያ የለውም፤ አስተርጓሚም አለ። ሰውየው ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው በ911 ይደውሉ።

ይህ ጽሑፍ የሐኪም ምክርን አይተካም።