መስመሩ ቀጥ ሲል አትሸወጂ

ቃል በመቁጠር ቋንቋን እንደ ውስብስብ ሥርዓት ላጥና አልሽ? እሰይ! አብሽሪ፣ ትችያለሽ። ቀድመሽ ግን ፊደሉን አጥሪ። ያንቺኑ አገር ስም እዪው፤ አንዱ ሐራ፣ ሌላው ሀራ፣ ሦስተኛው ሃራ እያለ ይጽፈዋል። ላንቺ አንድ ከተማ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የማይተዋወቁ ቃላት። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም ያው ናቸው። ሳታስተካክይ ከቆጠርሽ አንዴ ብቻ ብቅ የሚሉ ቃላት ያለ አግባብ ይበዙና “የአማርኛ ባሕርይ ነው” ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። ዋናውን ፋይል ግን እንዳትነኪው፣ ቅጂውን አጽጂ። የድሮ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነጥቡን አትርሺ፤ በቃላቱ መሀል ባዶ ቦታ ከሌለ ፕሮግራምሽ መስመሩን በሙሉ አንድ ቃል ብሎ ይውጠዋል።

ጽሑፍ ከየት ታመጫለሽ? የዋልታ ዜና ስብስብ አለ፤ 1,065 ዜና፣ ወደ 210,000 ቃል፣ የቃል ክፍሉ በሰው እጅ የተለየ። ጥሩ ነው፣ ግን የዜና አማርኛ ነው ሆዴ! “ገለጹ” እና “አስታወቁ” ከላይ ይኮፈሱብሻል። ሐራ ገበያ ላይ ፍየል ሲሸጥ ማን “አስታወቁ” ይላል?

ከዚያ ቃላቱን ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድሪ። የሃርቫርዱ ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ያሳየው ነገር ይመጣልሻል። አንደኛው ቃል 3,000 ጊዜ ከመጣ ሁለተኛው ወደ 1,500፣ ሦስተኛው ወደ 1,000 ይጠጋል። የቃሉን ደረጃና ድግግሞሹን፣ ሁለቱንም በሎጋሪዝም ስታደርጊው ቀጥ ያለ መስመር የመሰለ ነገር ይወጣል። እልል በይ፣ ግን አትሸወጂ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1957 እንዳሳየው ፊደልና ባዶ ቦታ እንደመጣለት የሚደበድብ ማሽንም ተመሳሳይ መስመር ያወጣል። መስመሩን ብቻ ይዘሽ ስለ ሰው አእምሮ አትተንትኚ። ቁልቁለቱን በማስመሪያም አትለኪው፤ ተመራማሪዎቹ ክላውሴት፣ ሻሊዚና ኒውማን እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ ዘዴ እንዴት እንደሚያሳስት በደንብ አሳይተዋል፤ ጽሑፋቸውን አንብቢና በእነሱ መንገድ ሂጂ።

አሁን የምወደው ላይ ደረስን፤ ጽሑፉን እንደ ካርታ በውዢው። ቃላቱ ያው፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ የተበተነ። የዚፍ መስመር ንቅንቅ አይልም! ስለዚህ ስለ ቅደም ተከተሉ ምንም አልነገረሽም ማለት ነው። ሌላ ነገር ለኪ፦ አንድ ቃል ከታየ በኋላ እስኪመለስ ስንት ቃል ያልፋል? ስለ አዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ውሰጂ። “ሐዲድ” ስለ ግንባታው በሚያወራው ቦታ ደጋግሞ ይመጣና ወሬው ወደ ንግድ ሲያልፍ ይጠፋል፤ “ነው” ግን ከዳር እስከ ዳር አለ። ስትበውዢው “ሐዲድ”ም እንደ ማንኛውም ቃል ይበታተናል። በዋናውና በተበወዘው መሀል ያለው ልዩነት ላይ ነው ጥናትሽ መቆም ያለበት። ውስብስብ ሥርዓት የሚሉት ወሬ እዚያ ነው ያለው፤ አማካሪሽ ሌላ ቢልሽ በትሕትና በውዘሽ አሳዪው።

“አማርኛ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቃል አለው” የሚል አርእስት ደግሞ እንዳላይብሽ። ጽሑፉ በረዘመ ቁጥር አዲስ ቃል መምጣቱ አይቆምም፣ በአማርኛ ደግሞ ይብሳል። ገበያ፣ ከገበያ፣ በገበያው፣ ለገበያችን፣ ስለገበያውም፤ ማሽኑ አምስት ይላል፣ አንቺ አንድ ትያለሽ። “አልነገረችኝም” ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይደል? የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም ቃሉን ይፈታልሻል። በሁለቱም መንገድ ቁጠሪ፤ እንዳለም፣ ተፈትቶም።

ገበያ ወርደሽ የሰው ንግግር ልቅዳ ካልሽ አስፈቅጂ፣ ስማቸውንም ሰርዢ። ያንቺ አካባቢ ለአፋር ቅርብ ነው፤ የተቀላቀለ ቃል ከሰማሽ ወደ ጽሑፍ ስትገለብጪ “አስተካክዬ” ብለሽ የመጽሐፍ አማርኛ እንዳታደርጊብኝ። ፊደሉን አጥሪ አልኩ እንጂ ሰውየውን አርሚ አላልኩም። ስልክሽንም ከመውረድሽ በፊት ቻርጅ አድርጊ፣ አውቅሻለሁ።